በቀን ስም የተጠሩ መንደሮች

የሀገራችንን የቦታ ስም ለሚመረምር ሰው የስሞቹ ምንጭ ከጥቂት ወገን እንደማያልፍ ቶሎ ይገለጥለታል። አንዱ ቦታ በወንዙ ይጠራል፤ አንዱ በዋርካው ወይም በግራሩ፤ አንዱ በተተከለበት ታቦት፤ አንዱም ጥንት ርስቱን በያዘው ባላባት ስም ይጠራል። እነዚህ አብዛኞቹ ባለቤት ያላቸው ስሞች ናቸው። የባላባቱ ስም የልጅ ልጆቹ ነው፤ የታቦቱም ስም የምእመናኑ ነው፤ ከሌላ ወገን የመጣ ሰው በዚያ ስም በተጠራ ቦታ ሲኖር እንግዳነቱን ፈጽሞ አይረሳም። ከነዚህ ተለይቶ የቆመ አንድ ወገን ስም ግን አለ። ይኸውም ከሰባቱ ዕለታት የአንዲቱን ስም ይዞ የሚኖር መንደር ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ በመጀመሪያ ሐሙሲትን ያልፋል፤ ወደ ጎንደር ሲቃረብም ማክሰኚትን ያገኛል። በደቡብ ጎንደር አርብ ገበያ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው ደግሞ የጣርማ በርን ቁልቁለት ከጨረሰ በኋላ ሸዋ ሮቢትን፣ ከዚያ ሰንበቴን፣ ከዚያም ከሚሴን ያልፋል። በከሚሴ አካባቢ በሰፊው የጨፋ ሜዳ ላይ ዛሬ ልጽፍላት ያሰብኋት ጨፋ ሮቢት አለች። ሮቢት የሚባል ቦታ ብዙ ስለ ሆነ፣ አንዲቱን ከሌላዪቱ ለመለየት የሀገሩ ስም በፊቷ ይጨመራል፤ የሸዋዪቱ ሸዋ ሮቢት፣ የጨፋዪቱም ጨፋ ሮቢት ትባላለች። ትንሽ የገጠር መንደር ናት፤ ስሟን በታሪክ መጽሐፍ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ስም ሲጠራ ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ ማለፍ አይሆንለትም፤ የእኔም ልማድ ይኸው ነው። ሮቢት የሚለው ቃል ከግእዙ ረቡዕ፣ በአማርኛ ሮብ ከሚባለው ተወልዶ፣ በመጨረሻው የአንስትን ምልክት ተቀብሏል፤ ላም ብለን ላሚት፣ አሮጌ ብለን አሮጊት እንደምንል ነው። ሐሙስ ሐሙሲት፣ ማክሰኞም ማክሰኚት የሆነው በዚሁ ሥርዐት ነው። ሕዝባችን ሀገርን በሴት አንቀጽ መጥራት ስለሚወድ ቀኒቱን ሴት አደረጋት፤ ሴት ካደረጋትም በኋላ ጎጆ ሠርቶ አስቀመጣት።

ረቡዕ ማለት አራተኛ ማለት ነው። በግእዝ ከሰንበት ቀጥለን እሑድን አንድ፣ ሰኑይን ሁለት፣ ሠሉስን ሦስት፣ ረቡዕን አራት፣ ሐሙስን አምስት ብለን እንቈጥራለን፤ ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ግን ቍጥሩን ትተን ዓርብ እንላለን፤ የሰንበት መግቢያ ምሽት እንደ ማለት ነው። የማክሰኞ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። ሠሉስ የሚል ደኅና ስም ሳለው አማርኛችን የሰኞ ማግስት ብሎ ጠራው፤ ስለዚህም በራሱ ሳይሆን በጎረቤቱ የሚታወቅ ቀን ሆኖ ቀረ።

ይህን አቈጣጠር የእኛ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር የፋርስን ቋንቋ ይመልከት። ፋርሶች ቅዳሜን ሻንቤ ይሉታል። ይህም ቃል ከእኛው ሰንበት ጋር አንድ ምንጭ ያለው፣ ከዕብራይስጥ ተነሥቶ በአራማይክ በኩል ወደ እነርሱ የደረሰ ነው። ከዚያ በኋላ ቍጥሩን በፊቱ እያስቀደሙ እሑድን የክሻንቤ፣ ሰኞን ዱሻንቤ፣ ማክሰኞን ሴሻንቤ፣ ረቡዕን ቻሃርሻንቤ፣ ሐሙስን ፓንጅሻንቤ ይሉታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ማለት ነው። እነርሱም እንደ እኛ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ቍጥሩን ይተዋሉ፤ ዓርብን ከዐረብኛ በተወሰደው ስም ጁምዓ ይሉታል። ሁለት ሕዝብ፣ አንዱ በእስያ ተራሮች ሌላውም በአፍሪካ ተራሮች ተቀምጦ፣ ሳምንቱን ከአንድ ቦታ ጀምሮ ቈጥሮ በአንድ ቦታ ማቆሙ ያስደንቃል። እንግዲህ የእኛ ረቡዕ የእነርሱ ቻሃርሻንቤ ነው፤ አራት ከአራት ጋር ይገጥማል።

ፋርሶችም እንደ እኛ መንደርን በገበያ ቀን ስም ይጠራሉ። በሰሜን ኢራን በጊላን አውራጃ ዓርብ ገበያ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚል ትርጓሜ ያላቸው መንደሮች አሉ። ገበያን ባዛር ይሉታል፤ ይህ ቃል ዛሬ ወደ እኛም ገብቶ በየከተማው የበዓል ሰሞን ዕቃ የሚሸጥበት ድንኳን ሁሉ ባዛር ይባላል። ከእነዚህ የፋርስ መንደሮች ሁሉ ግን ታሪኳ የሚያስደንቀው አንዲቱ ናት፤ ስለ ጨፋ ሮቢት ለመጻፍ ያነሣሣኝም የእርሷ ታሪክ ነው።

በአሁኑ ዘመን ታጂኪስታን በሚባለው፣ ብዙው ሕዝብ የፋርስን ቋንቋ በሚናገርበት ተራራማ ሀገር፣ በሂሳር ሸለቆ ውስጥ አንዲት ትንሽ መንደር ነበረች። መንገዶች የሚገናኙባት ስለ ሆነች በየሰኞው ገበያ ይቆምባት ነበር፤ ስለዚህም ዱሻንቤ ተባለች፤ በእኛ አማርኛ ሰኞ ገበያ ማለት ነው። ስሟ በጽሑፍ መጀመሪያ የተገኘው በ1676 ነው። (የውጭውን ሀገር ዘመን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የእኛን በእኛው አቈጣጠር እጽፋለሁ።) ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሰኞ እየሞላች በማክሰኞ እየጎደለች ኖረች።

በ1920 የቡኻራው አሚር ዓሊም ኻን ዙፋኑን ተነጥቆ በሸሸ ጊዜ መጠጊያ ያደረገው ይህችን የሰኞ መንደር ነበር፤ በማግስቱ ዓመትም ወደ አፍጋኒስታን ተሻገረ። በ1922 የቱርኩ የጦር አለቃ ኤንቨር ፓሻ ያዛት፤ ብዙም ሳይቆይ የሶቪየት ጦር አስለቀቀው። አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ መንደሪቱ ተጎዳች፤ ሕዝቧም ተበተነ። ይሁን እንጂ በ1924 የታጂኮች ራስ ገዝ ሪፐብሊክ ሲቆም ዋና ከተማ እንድትሆን የተመረጠችው ይህችው መንደር ሆነች። በ1929 የምድር ባቡር ደረሰላት። በዚያው ዓመት ግን ስሟን ቀሟት፤ ስታሊናባድ ተባለች።

አባድ በፋርስ ቋንቋ የለማ፣ ሰው የሰፈረበት ስፍራ ማለት ነው። ገዢዎቹ የሰውየውን ስም ከሞስኮ፣ ቅጥያውን ከሀገሬው ወስደው ሰፉት። መሪው በ1953 ሞተ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1961 ስሙም ከከተማዪቱ ተፋቀ፤ ዱሻንቤም ወደ ስሟ ተመለሰች። በሠላሳ ሁለቱ ዓመት ውስጥ ግን ሰኞ የሚባለው ቀን አንድም ሳምንት ሳይቀር ሲመጣ ኖሯል። የሰው ስም ከተፋቀ እንዲመለስ ወገን ሊቆምለት ያስፈልጋል፤ የቀን ስም ከግድግዳ ቢፋቅም ከሳምንቱ የሚፍቀው የለም። ታጂኪስታን በ1991 ነጻ መንግሥት ስትሆን ዱሻንቤ ዋና ከተማዋ ሆና ቀጠለች፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይኖርባታል፤ ሁሉም ሰኞ በሚባል ቦታ ይወለዳል፣ ሰኞ በሚባል ቦታ ይቀበራል።

ጨፋ ሮቢት ደግሞ ስመ ሞክሼ እኅት አለቻት። በቱርክ ሀገር በጥቁር ባሕር ወገን ቻርሻምባ የሚባል ከተማ አለ፤ ቱርኮች ቃሉን ከፋርስ ቻሃርሻንቤ የተዋሱት ነው፤ ሮቢት ማለት ነው። በዚያው ባሕር ዳርቻ ፔርሼምቤ የሚባል ሌላ ከተማ አለ፤ ሐሙሲት እንደ ማለት ነው። በሀንጋሪም የቅዳሜ ቦታ የሚል ትርጓሜ ያለው ሶምባትሄይ የሚባል ከተማ አለ፤ ያም ከሰንበት ዘር ነው። ይበቃል፤ ሁሉን ብዘረዝር ከጨፋ ርቄ ልቀር ነው።

ሰው ለምን መንደሩን በቀን ይጠራል? ቀኑ ከመንደሩ ስለሚቀድም ነው። ገበሬ በየተራራው ተበታትኖ በሚኖርበት ሀገር በየቀኑ ሻጭና ገዢ አይገናኝም። ስለዚህ ደገኛውና ቆለኛው በእግሩ ሄዶ በዚያው ቀን ቤቱ ለመግባት የሚችልበትን፣ ለሁሉም የሚያማክል አንድ ሜዳ ይመርጣሉ። በሜዳው በመጀመሪያ አንድም ቤት አይኖርም፤ በስድስቱ ቀን ከብት ይግጥበታል፤ በአንዲቱ ቀን ግን ሀገር ይሆናል። ከዚያ አንዲት ሴት ለገበያተኛው ቡና የምታፈላበት ዳስ ትጥላለች። ቀጥሎ አንጥረኛ ይመጣል፤ ከእርሱም በኋላ የጨው ነጋዴ ያልተሸጠውን ጨው የሚያሳድርበት ጎጆ ይሠራል። እንዲህ እያለ መንደር ይሆናል። መንደሩ ስም ሲፈለግለት ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀው ስም አለ፤ «ወዴት ትሄዳለህ?» ሲባል «ወደ ሮቢት» ይል የነበረው ገበሬ ስሙን ካወጣው ቆይቷል።

በዚህ ዐይነት ለተመሠረተ መንደር ከጨፋ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ከደሴ ተራሮች የሚነሣው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ ወደዚህ ሜዳ ሲወርድ ፍጥነቱን ይተውና ይተኛል፤ ሜዳውንም ረግረግና ለምለም ያደርገዋል። ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በስተ ምዕራብ ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን ይዘራል፤ በሜዳው የወሎ ኦሮሞ ማሽላውንና ጤፉን ያመርታል፤ ከእርሱ ጋር አማራውና አርጎባው አለ፤ በስተ ምሥራቅ የአፋር በረሓ ነው። በበጋ ውሃና ሣር ሲጠፋ አፋር ከብቱንና ግመሉን ነድቶ ወደ ጨፋ ይወጣል። ይህ የዘመናት ልማድ ነው። ጨፋ ለገበሬው እርሻ፣ ለአፋሩ የነፍስ መሸሸጊያ ናት፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

እኔ ጨፋን መጀመሪያ ያየሁት በ1980 ዓ.ም. ግድም፣ ከዋድላ የቅኔ ቤት ተነሥቼ ወደ ሸዋ በምወርድበት ጊዜ ነው። ለምድ ለብሼ፣ አኩፋዳዬን በትከሻዬ አንግቼ፣ ረቡዕ ቀን ወደ ቀትር ሲሆን ገበያው መካከል ደረስሁ። ከዚያ በፊት ያየሁት ገበያ ሁሉ የደጋ ገበያ ነበር። እዚህ ግን ጊሌውን በወገቡ የታጠቀ አፋር ከግመሉ አጠገብ ቆሞ፣ ጋቢ ከለበሰ ደገኛ ጋር በጣት ቍጥር ዋጋ ይነጋገራል፤ አስተርጓሚው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አንድ የአርጎባ ሽማግሌ ነው። የቅቤው ሽታ፣ የግመሉ ጩኸት፣ የበርበሬው ብናኝ ተደባልቆ ራሴን አዞረኝ። የእስላም ሀገር ስለ ሆነ በእንተ ስማ ለማርያም ብዬ ለመለመን አፈርሁና በአንድ ዋርካ ጥላ ዳር ቆምሁ።

ከጥላው ሥር ተቀምጠው የነበሩ አንድ አረጋዊ፣ «ና ልጄ፣ ፀሐዩ ያቃጥልሃል፤ ጠጋ በል» አሉኝ። ወዲያው ቤተሰባቸውን ጠርተው በቅል ወተት አስመጡልኝ። እጅ ነሥቼ፣ «አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ረቡዕ ነውና ጾም ነኝ» አልኋቸው። አልተቀየሙም። «እናንተ ደግሞ በገበያ ቀን ትጾማላችሁ! ቅቤው ሁሉ ፊታችሁ ተደርድሮ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ የበቆሎና የሽምብራ ንፍሮ አስመጡና እስከ መቼ እንደምቆይ ጠየቁኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው አልኋቸው። ንፍሮውን በሰፌድ ከደኑት፤ እርሳቸውም ከእኔ ጋር ሳይቀምሱ ቆዩ። ከመስጊድ በኩል የዐስር ሶላት ጥሪ በተሰማ ጊዜ ተነሥተው፣ «የእኛ ሰዓት ደርሷል፤ የእናንተም ሳይደርስ አይቀርም፤ በል ብላ» ብለውኝ ወደ ሶላታቸው ሄዱ። እኔም ጥላዬን በእግሬ ብለካው ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

ሲመለሱ ለምን ገበያው በረቡዕ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የሰጡኝን መልስ ከብዙ ሊቃውንት ቃል ይልቅ አስታውሰዋለሁ። «እሑድን ሰንበቴ ወሰደችው» አሉ፤ «ሰኞን ባቲ ወሰደችው፤ ሐሙስን ከሚሴ። ዓርብ የሶላት ነው፤ አይነካም። ቅዳሜ ደገኛው አይመቸውም። ረቡዕ ማንም ሳይፈልገው ተቀምጦ ነበር፤ እኛ ድሆቹ ወሰድነው።» ጾሙንስ አላሰባችሁም ብላቸው፣ «ጾም መብላትን እንጂ መሸመትን ይከለክላል እንዴ? ዛሬ ገዝታችሁ ነገ ትበላላችሁ፤ ደግሞም የጾመ ሰው ዋጋ ላይ አይቸኩልም» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሌላው ቀን በግጦሽ ምክንያት ደም የተቃባ ሰው እንኳ በረቡዕ ባለ ደሙን ከሩቅ ቢያየው ፊቱን አዙሮ እንደሚያልፍ ነገሩኝ። «ቀኑ የማንም አይደለማ!» አሉ።

እኚህ ሰው ቅኔ አልተማሩም፤ ነገር ግን የስሙን ወርቅ ያገኙት እርሳቸው ናቸው። እኔ ከዚያ ወዲህ የጨመርሁት ጥቂት ነው። ኦሮምኛ ረቡዕን ሮቢ ይለዋል፤ ዝናምን ደግሞ ሮባ ይለዋል፤ ስለዚህ በጨፋ «ሮቢ መጣ» ሲባል ጆሮ ለዝናሙም ለቀኑም ይከፈታል። ኦሮምኛ ሰንበትን ሰንበታ፣ ሐሙስን ከሚሳ፣ ዓርብን ጂማታ ይላል። ሰንበታና ሮቢ ከእኛ ወገን፣ ከሚሳና ጂማታ ከዐረብኛ ወገን ናቸው። አንዱ ሳምንት ከሁለት የሃይማኖት ቋንቋ ተፈትሎ ተሸምኗል፤ የሸመነውም ሕዝብ ክሩን ለይቶ ይህ የአንተ፣ ይህ የእኔ ነው አይልም። ጨፋ የሚለውም ስም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ጨፌ ለምለም ሣር ነው፤ በኦሮሞ የገዳ ሥርዐት ግን ሸንጎ የሚቀመጥበት ለምለም መስክ ጨፌ ይባላል፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ዛሬም ጨፌ የተባለው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ጨፋ ሮቢትን በሰሙ የፈታ ሰው የረቡዕ ሣር ይላል፤ በወርቁ የፈታ ግን የረቡዕ ሸንጎ ይላል። ይህ የቅኔ ፍች ነው እንጂ የታሪክ ማስረጃ ነው አልልም።

በወሎ አበጋር የሚባሉ፣ በዘር የሚተላለፍ የማስታረቅ ሥልጣን ያላቸው ሽማግሌዎች አሉ። በእርሻና በግጦሽ፣ በውሃና በደም ምክንያት በጎረቤት ሕዝቦች መካከል ጠብ ሲነሣ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ካሳ ተቈርጦ ነገሩ የሚያልቀው በእነርሱ ፊት ነው። የታረቀ ሕዝብ ግን መታረቁ በምን ይታወቃል? በገበያ ነው። አፋሩ ግመሉን ይዞ በረቡዕ ከመጣ እርቁ ጸንቷል ይባላል፤ ሁለት ረቡዕ በተከታታይ ከቀረ ሴቶቹ እንኳ እህላቸውን ወደ ጎተራ ይመልሳሉ። ዳኛና ፖሊስ ሳይደርስ ጠቡን አስቀድሞ የሚያውቀው የቅቤ ተራ ነው።

በዚያ አገር ረቡዕን ባዶ ያደረጉ ዓመታት መጥተዋል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በሰሜን ሸዋ አዋሳኝ ወረዳዎች በተነሣ ግጭት ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሕዝብ ተሰደደ፤ የአጣዬ ከተማ ተቃጠለች፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውም መንገድ ተዘጋ። ገና ያ ቍስል ሳይደርቅ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻን አልፎ እስከ ከሚሴ ወረደ፤ እስከ ኅዳርም ቆየ። ከሁሉም ወገን የሚያለቅስ ነበረ፤ ማን ጀመረው የሚለውን ክርክር ለሚከራከሩት እተዋለሁ። እኔ የማስበው ስለ ስሙ ነው። ወንዝ ያለው መንደር ሰው ቢሸሽም ወንዙ ይቀርለታል፤ ታቦት ያለው መንደር ቤተ ክርስቲያኑ ይቀርለታል። በቀን የተጠራ መንደር ግን ሰው ካልመጣበት ምን ይቀርለታል? ረቡዕ በካሌንደር ላይ ይመጣል፤ ሮቢት ግን አትመጣም።

በከተማ ተቀምጠን ነገር የምናይ ሰዎች ስለዚያ ሀገር በተነሣ ቍጥር አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃለን፤ ቦታው የማን ነው? እንላለን። ማስረጃ የሚፈልገው አንዱ የድሮ ግብር ይጠቅሳል፤ አንዱ የቋንቋ ካርታ ይዘረጋል፤ አንዱም የአባቱን መቃብር ያሳያል። እያንዳንዱ ያየው እውነት ነው፤ የመቃብሩም የካርታውም። ዳሩ ግን ጥያቄው በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ አንድ ሰው ስታሊናባድ የሚል ሰሌዳ ለመስቀል መሰላል የሚፈልግ ይመስለኛል። የሰንበቴም፣ የከሚሴም፣ የሮቢትም ሰው አባቶች ስም ሲያወጡ ይህን ጥያቄ ዐውቀው ሳይሆን አይቀርም ሳይመልሱት ያለፉት። የባላባት ስም አጥተው አይደለም፤ በሀገሩ ባላባት ሞልቶ ነበር።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የጨፋ ረግረግ እየጠበበ ነው። ውሃው በየቦዩ ወደ እርሻ ይጠለፋል፤ ሣር የነበረው ሜዳ ይታረሳል፤ የሚያርሰውም ልጆቹን የሚያበላ ድሃ ገበሬ ስለ ሆነ ልከሰው አልችልም። ነገር ግን በበጋ የሚወጣው አፋር ባለፈው ዓመት የተኛበትን መስክ ታርሶ ባገኘ ጊዜ የሚነሣው ነገር ይታወቃል። ስለ ጨፋ እርቅ የሚያስቡ አበጋሮችና ሹማምንት የሰውን ልብ ብቻ ሳይሆን የቦርከናንም ውሃ መለካት ይኖርባቸዋል። ሣሩ ካለቀ ረቡዕ ብቻውን ሕዝብ አይሰበስብም።

ከጦርነቱ በኋላ በዚያ በኩል ባለፍሁ ጊዜ ቀኑ ረቡዕ ነበር። ዋርካውን ፈለግሁት፤ በቆመበት ስፍራ የቆርቆሮ ሱቆች ተሠርተዋል፤ ሱቆቹም ስኳርና ሳሙና በየቀኑ ስለሚሸጡ ለዚያ ዕቃ ረቡዕን የሚጠብቅ የለም። የከብትና የቅቤ ተራው ግን በሜዳው ላይ እንደ ድሮው ቆሟል። ከግመል ጋር የመጡ ጥቂት አፋሮች ነበሩ፤ ከድሮው ያንሳሉ፤ ነገር ግን ነበሩ። አንድ ወጣት የጨው ነጋዴ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ያልተሸጠውን ጨው በጆንያ እያሰረ አህዮቹን ይጭን ነበር። ቤቱ እዚያው እንደሆነ ጠየቅሁት። «የለም አባቴ» አለኝ፤ «ነገ ሐሙስ አይደል? ወደ ከሚሴ ነኝ።»